ልጆቻችንን ከሥራችን አናባርር

(በሰኔ መጨረሻ ደሴ ውስጥ በተካሄደ የወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም!

አልተሰማኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። እስቲ ድገሙልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ? እሰይ! አሁን ዝናቡን በለጣችሁት።

በዚህ ጭቃ፣ በዚህ ብርድ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ አዝላችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከሰኞ ገበያ የመጣችሁ አላችሁ። ከቧንቧ ውሃ፣ ከጢጣ የመጣችሁም አላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ አባቶች፣ እባካችሁ ወደፊት ቅረቡ። ወንበር አለ። የዛሬው ነገር የእናቶች ብቻ አይደለም።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ሁለተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። የሦስት ልጆችም እናት ነኝ። ትልቁ 10 ዓመቱ ነው፣ መካከለኛዋ 7 ዓመቷ፣ ትንሹ ገና 4። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ ይመላለሳል። ዛሬ የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን አይደለም። ቤቴ ውስጥ ያየሁትን ነው።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፤ ልጆቻችን ክረምቱን ቤት ሊውሉ ነው። በመጀመሪያ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ሐምሌ ስንት ቀን ነው? 30። ነሐሴስ? 30። ጳጉሜን ሲጨመር 5። 65 ቀን ሆነ። የመስከረምን መጀመሪያ ተዉት። ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል። 65 በ3 ሲባዛ 195። ይህ ለአንድ ልጅ ነው። እኔ ሦስት አሉኝ፤ 585 ገበታ። መክሰሱን አልቆጠርኩም። የእናንተን እናንተ አባዙት።

ልብሱ ደግሞ አለ። ጭቃው አለ። ጉንፋኑ አለ። ሥራችን ደግሞ ክረምት ነው ብሎ አይቆምልንም። ነጋዴዋ ሱቋን መክፈት አለባት። የቢሮ ሠራተኛው በሰዓቱ መግባት አለበት። እኛ አስተማሪዎችም ክረምቱን ሙሉ ተኝተን የምናሳልፍ የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። ታዲያ ልጆቹን የት እናድርጋቸው?

ይህ "የት እናድርጋቸው" የሚለው ጥያቄ ነው ያሳሳተኝ። ልንገራችሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። መካከለኛዋ ያኔ 5 ዓመቷ ነበር። እኔ ጓዳ ነኝ። እንጀራ እየጋገርኩ ነው። እሷ በሩ ላይ ተቀምጣለች። በቆሎ ተበልቶ የቀረውን ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልላ ልጅ አድርጋዋለች። አዝላዋለች። ልጁ ያለቅሳል መሰለኝ፣ ዞር ብላ ታናግረዋለች። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ምን ትለዋለች መሰላችሁ? "ቆይ። ዞር በል ከዚህ። ሥራ ላይ ነኝ።"

ድምፁ የእኔ ነው። ቃሉ የእኔ ነው። "ዞር በል" ስትል እጇን የምትወረውርበት ሁኔታ ራሱ የእኔ ነው። ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ እስኪያርር ቆሜ አየኋት። ለዚያ ለቆረቆንዳ እናት መሆኗ ነው እኮ! እናት ማለት እንዲህ የምትል ሰው ናት ብላ ነው የያዘችው።

ያን ማታ አልተኛሁም። ቀኑን ሙሉ ስንት ጊዜ "ቆይ" እንዳልኳት ማስታወስ ጀመርኩ። ቁጥሩ ጠፋብኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ጥያቄዬን የቀየርኩት። የት ላድርጋቸው ማለቴን ትቼ፣ ከእኔ ጋር ምን ይሥሩ ማለት ጀመርኩ። ዛሬ ሦስት ነገር ነው የምላችሁ፤ የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ ልጆቻችንን ከሥራችን አናባርር።

ገጠር ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። እኔ ያደግሁት ኩታበር ገጠር አያቴ ዘንድ ነው። እዚያ ክረምት ዕረፍት አይደለም፤ የሥራ ወቅት ነው። አረም አለ። ከብት አለ። በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮ ይመጣል፤ ማማ ላይ ወጥቶ የሚጠብቀው ልጅ ነው። ማንም "ልጆቹን የት እናድርጋቸው" ሲል ሰምቼ አላውቅም። ልጁ ያስፈልግ ነበራ! ድካሙ ብዙ ነበር፤ ትምህርት ያስቀረም ነበር፤ ያንን መልሱ አልላችሁም። ግን አንድ ነገር ነበረን። እንደምንፈለግ እናውቅ ነበር። የከተማ ልጅ ይህ ነው የጎደለው። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው "አትንካ"፣ "አታቆሽሽ"፣ "ውጣ" ነው።

ታዲያ ምን ያሠሩ? ትልቅ ነገር አትፈልጉ። ምስር ይልቀሙ። ሽንኩርት ይላጡ፤ ቢላውን ለትልቁ ብቻ። የታጠበ ካልሲ ጥንድ ጥንዱን ይፈልጉ። ቡና ይውቀጡ። ትንሹ ልጄ ሙቀጫው ውስጥ ሦስቴ ነው የሚመታው፤ ከዚያ ይደክመዋል። ግን ቡናው ሲፈላ ለእንግዳው ሁሉ "እኔ ነኝ የወቀጥኩት" ይላል። አልዋሸም። ወቅጧል።

አሁን በቆሎውን ልንገራችሁ። ይህን ብዙ ጊዜ ስለማስበው ትንሽ ልቆይበት። ያለፈው ክረምት መካከለኛዋ ሒሳብ ላይ ጥንድና ጎዶሎ ቁጥር አልለይ ብሏት ነበር። መጽሐፉ ጥንዱን ተጋማሽ ይለዋል። እኔ አስተማሪ ሆኜ፣ በልጄ ተሸነፍኩ። ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፤ አልገባትም። ጠጠር ሰጠኋት፤ ሰለቻት። አንድ ከሰዓት በቆሎ ልንጠብስ ተቀመጥን። ከሰሉ እስኪቀጣጠል በቆሎውን እየላጥን ነው። "ረድፉን ቁጠሪልኝ እስቲ" አልኳት። ወደ ላይ የሚሄደውን ረድፍ ማለቴ ነው። አንዱ ፍሬ ላይ ጣቷን አድርጋ ዞረች። 14 ሆነ። ሁለተኛውን ወሰደች፤ 12። ሦስተኛው 16። አራተኛው እንደገና 14። ቀና ብላ አየችኝ። "እማዬ፣ ሁሉም ጥንድ አለው። ብቻውን የቀረ የለም" አለች።

እኔም የማውቀው ነገር አልነበረም፤ በኋላ ነው ጠይቄ የተረዳሁት። የበቆሎ ፍሬ ከመጀመሪያው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚያድግ ረድፉ ጎዶሎ ሆኖ አይገኝም ማለት ይቻላል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ በቆሎ ካለ ቁጠሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ጥንድና ጎዶሎ አልጠፋትም። ወንድሟ በተራው ቆረቆንዳውን ይዞ ጎዶሎ ካገኘ ብር እንድሰጠው ተወራረደኝ። እስካሁን እየፈለገ ነው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። አልዋሻችሁም። ምስር ብቻዬን ስለቅም 10 ደቂቃ ይበቃኛል። ከትንሹ ጋር ግማሽ ሰዓት ነው፤ መሬት የፈሰሰውንም መልቀም አለ። ግን አስቡት፤ ያንን ግማሽ ሰዓት ካልሰጠሁት ምን ያደርጋል? እግሬ ሥር ሲያለቅስ ይውላል። ግማሽ ሰዓቱ በየትኛውም በኩል ይሄዳል። አብረን ብናሳልፈው አይሻልም?

አንድ ነገር ደግሞ ለአያቶችና ለእናቶች። ወንዶቹንም! ወንዶቹንም አስገቡ። "ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል?" የሚል ቃል ከቤታችን ይውጣ። የእኔ ትልቁ ሽሮ ያማስላል። ምንም አልጎደለበትም። ኳሱንም ይጫወታል።

አባቶች፣ እናንተም ሥራ አላችሁ። ልጃችሁ ሥራችሁን አይቶ ያውቃል? ባለቤቴ ባለፈው ሐምሌ ትልቁን አንድ ቀን ይዞት ሄደ። ጋቢና አጠገቡ አስቀመጠው። ልጁ ከደሴ ሲነሳ ሹራብ ለብሷል፤ ላዩ ላይ ጃኬት። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰው ሲወርዱ ጃኬቱን አወለቀ። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሹራቡን። "አባዬ፣ 25 ኪሎ ሜትር ሄደን ለምን ሞቀ?" አለው። አባቱ "ስለወረድን ነዋ" አለው። ማታ ቤት መጥተው እኔ ጨመርኩበት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር ወደ 6 ዲግሪ ይሞቃል። ልጁ ሲያሰላው ወደ 4 ዲግሪ መጣለት። "ልክ ሹራቤ ናት!" አለ። ያ ልጅ አባቱ ምን እንደሚሠራ ከዚያ ቀን በፊት "መኪና ይነዳል" ብቻ ነበር የሚለው። አሁን ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ አባቱ መብራት አብርቶ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ ያውቃል። ሲያመሽ "ጉም ይሆናል" ይለኛል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ይህ አጭር ነው፤ ግን አደራ ነው። ውሃና ከሰል።

የቦርከናን ወንዝ ሁላችንም እናውቀዋለን። በበጋ ልጅ ይሻገረዋል። ድንጋይ ላይ ድንጋይ ረግጦ ነው የሚያልፈው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ልጁ የሚያውቀው የበጋውን ቦርከና ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ጦሳ ተራራ ላይ ይዘንባል፤ ታች ፀሐይ ነው። ልጁ ሰማዩን ያያል፤ ሰማዩ ንጹሕ ነው። ውሃው ግን ከላይ እየመጣ ነው።

የእኔ ልጅ ላይ ደርሷል። ኳስ ወንዝ ገባችባቸው። ልጄ ሊያወጣ ወረደ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን እንኳን አልሸፈነውም ነበር። በዚያ የሚያልፉ አንድ አባት ተራራውን ቀና ብለው አዩ። ጠቁሯል። "ውጣ!" አሉት። አልሰማቸውም። ወርደው በኮሌታው ይዘው ጎትተው አወጡት። እሳቸው እንደነገሩኝ፣ አንድ ሲጋራ እስኪያልቅ እንኳን አልቆየም። እንጨትና ድንጋይ እያንከባለለ፣ ቡና በወተት የመሰለ ውሃ መጣ። ኳሷ የት እንደገባች አልታወቀም። እኚህ አባት ዛሬ እዚህ የሉም፤ እድሜያቸውን ያርዝምልኝ።

ስለዚህ ልጆቻችሁን "ወንዝ አትሂዱ" ብቻ አትበሏቸው። ምክንያቱን ንገሯቸው። "ጦሳ ከጠቆረ ወንዝ የለም" በሏቸው። በእኛ ቤት እንደ ሕግ ነው። ጠዋት ጠዋት ትንሹ ራሱ በሩ ላይ ወጥቶ ተራራውን አይቶ ይነግረናል፤ "ጠቁሯል" ወይ "አልጠቆረም"። ይህን ሥራ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ኮራበት።

ከሰሉ። ልብስ አይደርቅም፤ አውቃለሁ። ካልሲ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይቆያል። ማታ ማንደጃ ቤት አስገብተን፣ በርና መስኮት ዘግተን፣ ወንበር ላይ ልብስ አንጠልጥለን እናድራለን። አደራ፣ አደራ፣ አደራ! ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር አይታይም። አይሸትም። እንቅልፍ ይመስላል። አንድ ቀን ከሰዓት እኔና ትንሹ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነበርን። ራሴን ከበደኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ጋደም አልኩ። ልጁም ተኛ። ጎረቤቴ ቡና ጠጪ ልትለኝ መጥታ በሩን ገፋችው። ባትመጣስ? እግዚአብሔር ነው ያመጣት። በሩን ከፍታ፣ ልጁን አቅፋ አወጣችው። ያቺ ሴት ያን ቀን ቡና ባታፈላ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም። ከሰሉ ውጭ ነዶ፣ ውጭ ይለቅ። እርጥብ ካልሲ ይልበሱ፣ ምንም አይሆኑም።

ጎረቤት ካነሳሁ ሦስተኛውን ነካሁት። ብቻችንን አንችለውም።

እኔ የምኖርበት ግቢ አራት ቤት ነው። ሦስቱ ትንንሽ ልጆች አሉን። ሁላችንም ሥራ አለን። ቀድሞ እያንዳንዳችን በየቤታችን ስንቃጠል ነበር የምንውለው። ያለፈው ክረምት ቡና ላይ ተቀምጠን "ለምን ተራ አንገባም?" ተባባልን። ሰኞና ሐሙስ እኔ፣ ማክሰኞና አርብ አንዷ ጎረቤቴ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ሦስተኛዋ። ተራው የደረሳት ግማሽ ቀን ሰባቱን ልጆች ትይዛለች። የቀሩት ሥራቸው ይሄዳሉ። ክፍያ የለም። ጽሑፍ የለም። ሰባት ልጅ ደግሞ ከሦስት ልጅ ይልቅ ይቀላል፤ እርስ በርሳቸው ይያዛሉ። ብይ ይጫወታሉ፣ ቅልሞሽ ይጫወታሉ፣ እኩኩሉ ይላሉ። ካልሞከራችሁት አታምኑኝም።

ያቺ ያዳነችኝ ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። ልጆቿ ጠዋት ቂርአት ይሄዳሉ፤ ከዚያ ይመጣሉ። በእኔ ተራ ቀን ሥጋ አልሠራም። ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ድንች ነው። ማንም አላዘዘኝም። በፍልሰታ ደግሞ መካከለኛዋ እስክትቆርብ አትበላም። ጎረቤቴ ይህን ታውቃለች። ልጆቿን ጠርታ "እሷ ፊት አትብሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትመጣ አብራችሁ ትበላላችሁ" ትላቸዋለች። ጠበል ጠዲቅ ተረስቶ ይቀራል፤ ይህ ግን አይረሳም። ወሎ ነን እኮ! ይህንን ከማንም አልተማርነውም፤ እናቶቻችን ሲያደርጉ አየን። ልጆቻችንም እያዩን ነው።

ስለ ስልክ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እኔም ለልጆቼ እሰጣለሁ። አልሰጥም ብል እዋሻለሁ። ከምሳ በኋላ ለተወሰነ ሰዓት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ሰው ባለበት። ማታ ግን የለም። ማታ የእኛ ነው።

ማታ መብራት ሲጠፋ ድሮ እበሳጭ ነበር። አሁን ልጆቹ ደስ ይላቸዋል። ጋቢ ውስጥ ገብተን እንቆቅልሽ እንጫወታለን። አንድ ማታ መካከለኛዋ ጀመረች። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልሽ!" አልናት። "ሰኞ ተሰጣ፣ ሐሙስም እርጥብ ነው።" ሁላችንም አሰብን። ጉም አልን። አይደለም። ሣር አልን። አይደለም። "ሀገር ስጡኝ" አለች። ኮምቦልቻን ሰጠናት፤ ይሞቃል ብላ እምቢ አለች። ሐይቅ ከተማን ሰጠናት፤ ተቀበለች። መልሱን ነገረችን። "የትንሹ ካልሲ!"

ቀጥሎ የትንሹ ተራ ደረሰ። እሱ መመለስ አቅቶት ሀገር ሲጠየቅ "ቦርከናን ሰጠሁሽ" አላት። ትልቁ ተቆጣ። "ቦርከና ሀገር አይደለም፣ ወንዝ ነው!" ክርክር ተነሳ። አባታቸው ገባበት። ውሃው ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ ከሚሴ ወርዶ፣ መጨረሻው አዋሽ እንደሚገባ ነገራቸው። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ዝም አሉ። ዝናቡ ይዘንባል። ትንሹ ከጋቢው ውስጥ ጭንቅላቱን አወጣና "አሁን እኛ ቆርቆሮ ላይ ያለው አፋር ይሄዳል?" አለ። "ይሄዳል" አለው አባቱ። "ብቻውን?" አለ።

ብቻውን። እኔ ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ባስተምር አላመጣውም። በሥራ ተወጥሬ "ቆይ" ብለው ኖሮ ደግሞ አልሰማውም ነበር።

ክረምቱ የራሱ ደስታ አለው፤ ያን ለእናንተ አልነግራችሁም። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ጅራፉ አሁን መገመድ ይጀምር። ላስታ ዘመድ ያላችሁ ሴት ልጆቻችሁን ለአሸንድዬ ላኩ፤ ራያ ቆቦ ያላችሁ ለሶለል። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዝናብ ሲመጣ "ትታመማላችሁ" ብላችሁ በር አትዝጉባቸው። ይውጡ፣ ይታጠቡ። ሲገቡ ፎጣና ትኩስ ሻይ ይጠብቃቸው፤ ይበቃል። በለስም ገበያ ላይ ነው፤ እሾሁን ግን እናንተ አውልቁ።

አሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከዚህ ሳትወጡ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው የት ሰፈር እንደሚኖር ጠይቁት። አንድ ሰፈር ከሆናችሁ፣ ስልክ ተለዋወጡ። ሐምሌ ሳይገባ ቡና ላይ ተቀመጡና ተራ ግቡ። ሁለት ቤትም ይበቃል። በሩ ላይ ደብተር አለ፤ ሰው ያጣችሁ ሰፈራችሁንና ስማችሁን ጻፉልኝ፣ እኔ ራሴ አገናኛችኋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ እገኛለሁ።

የእኔ ይኸው ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። ከመስኮቱ በኩል ያሉት እናቴ፣ እጅዎን ቀደም ብዬ አይቸዋለሁ። ልጁ ተኝቶልዎታል፣ አይነሱ፤ እዚያው ተቀምጠው ይናገሩ። ማይኩን አቀብሏቸው።